ባሕርን ቤት ማስገባት
በውጫሌ ለሕዝብ የቀረበ ዲስኩር



የዛሬው ርእሳችን የኮራል ሪፍ፣ ማለትም ኮራል በባሕር ውስጥ የሚገነባው ድንጋያማ መኖሪያ ነው። አንድ ሰው በገዛ ሳሎኑ፣ አንድ ሺህ ሊትር በሚይዝ የመስታወት ገንዳ ውስጥ፣ ሕይወት ያለው ሪፍ እንዴት ሊያቋቁምና ሊያኖር እንደሚችል እነግራችኋለሁ። ወሬው ለወሎ ደጋ ሰው እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከዚህ ወደ ምሥራቅ በቀጥታ ቢበረር ባሕሩ ከ400 ኪሎ ሜትር አይርቅም። በዚህች ከተማ ስም የሚጠራው ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ሲፈረም ጣልያን ምጽዋን ከያዘች አራት ዓመት ሆኗት ነበር። ስለ ውሉ በየትምህርት ቤቱ ተምረናል፣ ተከራክረናል። ከምጽዋ ፊት ለፊት ስላሉት፣ ቁጥራቸው ከ120 ስለሚበልጠው የዳህላክ ደሴቶችና ዙሪያቸውን ስላለው ሪፍ ግን ሲወራ ሰምቼ አላውቅም።

በአገራችን መሬት ላይም ሪፍ አለ፤ የደረቀ ሪፍ። በደናክል ዝቅተኛ ሜዳ ጠርዝ፣ ወደ ዳሎል በኩል፣ የኮራል ድንጋይ ቆሞ ይታያል። ቅርንጫፉና ቀዳዳው እስካሁን ይለያል። ከ120 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ቀይ ባሕር ወደዚያ ሜዳ ገብቶ ነበር፤ ኮራሉም ያደገው በዚያ ዘመን ነው። መግቢያው ሲዘጋ ባሕሩ ተቆርጦ ቀረ፣ ውሃው ተነነ፣ ጨው ብቻ ተረፈ። አያቶቻችን የተገበያዩበት አሞሌ የሚቆረጠው ከዚያው ምድር ነው። ይህን ታሪክ ያዙልኝ፤ መውጫ የሌለው ውሃ ሲተን የሚሆነውን ያሳያልና በኋላ እመለስበታለሁ።

ኮራል ድንጋይ የሚመስለው ቤቱ እንጂ እሱ ራሱ እንስሳ ነው። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን እንስሳት ይኖራሉ። እያንዳንዱ አንድ አፍ አለው፤ በአፉም ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠኑ እጆች ተተክለዋል። ቀን ብዙዎቹ ተሰብስበው ይውላሉ። ማታ መብራቱ ከጠፋ በኋላ በባትሪ፣ ቢቻል በቀይ ብርሃን፣ ጠጋ ብላችሁ ብታዩ እጆቹ ሁሉ ተዘርግተው በውሃው ውስጥ የሚያልፈውን ሲይዙ ታገኟቸዋላችሁ። በሥጋው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታይ አልጌ ይኖራል። አልጌው ከብርሃን ስኳር እየሠራ እንስሳውን ይመግባል፣ እንስሳውም ለአልጌው መጠለያና ማዳበሪያ ይሰጠዋል። ኮራሉ በዚህ ጉልበት ከውሃው ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰደ ቤቱን ይገነባል። ውሃው ከለመደው ከፍተኛ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ለሳምንታት ከቆየ አልጌው ይወጣል፤ ኮራሉም ነጭ ሆኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የባሕር ሳይንቲስቶች ዓለም አቀፍ የኮራል ንጣት ለአራተኛ ጊዜ መድረሱን አውጀዋል። ዛሬ ኮራልን በቤት ማራባት ከጌጥ በላይ የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው።

ወደ ገንዳው ከመግባቴ በፊት በሐይቃችን ልለፍ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያጸኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ውሃ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። የአንከርካ ወንዝ ይገባበታል፤ በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝ ግን የለም። የገባው ውሃ በትነት ይሄዳል፣ አብሮት የገባው ሁሉ ይቀራል። ገዳሙ ያለበት ቦታ ቀድሞ ደሴት ነበር። ዛሬ በእግር የሚገባበት የየብስ አንገት የሆነው ውሃው ስለ ሸሸ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆሮሶ ዓሣ ወደዚህ ሐይቅ ተጨመረ። ዓሣው ተራባ፣ ብዙ ቤተሰብም ኖሮበታል፤ ይህን ማንም አይክደውም። እ.ኤ.አ. በ1992 ኤልሳቤጥ ከበደና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት ግን ውሃው ከቀድሞው ይልቅ አረንጓዴ እየሆነና ጥራቱ እየቀነሰ መምጣቱን ገለጹ። ከምክንያቶቹ አንዱ ይሆናል ያሉት ይህ የዓሣ ጭመራ ነው። ቆሮሶ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉትን ጥቃቅን እንስሳት ይበላል። እነዚያ ደግሞ አልጌውን የሚበሉ ናቸው። በላተኛው ሲጠፋ አልጌው ይበዛል። መውጫ በሌለው ውሃ ውስጥ አንድ ዓሣ መጨመር የውሃውን መልክ እስከ መለወጥ ይደርሳል። የቤት ገንዳም መውጫ የለውም። ስለዚህ የምናገረው ሁሉ በአንድ ነገር ዙሪያ ነው፦ ሪፍ የሚሠራ ሰው በመጀመሪያ የሚያኖረው ውሃን ነው፣ ዓሣ የሚመጣው በመጨረሻ ነው።

አሁን ገንዳውን እንሥራ። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 70 ሳንቲ ሜትር ይሁን። እስከ አፉ ቢሞላ 1,120 ሊትር ይይዛል። ውሃው ብቻ ከአንድ ቶን በላይ ነው፤ መስታወቱ፣ ድንጋዩና የብረት መቆሚያው ሲጨመር አንድ ቶን ተኩል ይደርሳል። ይህ ሁሉ የሚያርፈው ከሁለት ካሬ ሜትር ባነሰ ቦታ ላይ ነው። የመኖሪያ ቤት ፎቅ ወለል በተለምዶ የሚሰላው ለአንድ ካሬ ሜትር 200 ኪሎ ያህል እንዲሸከም ነው። እንግዲህ ፎቅ ላይ፣ በጭቃ ቤት ወለል ላይ፣ ያልተጠቀጠቀ አፈር ላይ አይታሰብም። ምድር ቤት ሆኖ ብረት ያለው ኮንክሪት ወለል ይፈልጋል፤ ወለሉም በውሃ ልክ ተለክቶ መስተካከል አለበት።

መስታወቱን የሚፈትነው ቁመቱ ነው። ውሃ ወደ ጎን የሚገፋው እንደ ጥልቀቱ ስለሆነ በዚህ ገንዳ ፊተኛው መስታወት ላይ የሚያርፈው ግፊት የ500 ኪሎ ሸክም ያህል ነው። ቁመቱ እጥፍ ቢሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ብዙ ሰው ገንዳው ረጅም ሲሆን ያምራል ብሎ ቁመት ይጨምራል፤ እኔ ወርድ ጨምሩ እላለሁ። ድንጋዩን እንደ ልብ ለመደርደር፣ ዓሣው ዞሮ እንዲዋኝ፣ እጃችሁም ታች ድረስ እንዲገባ ወርድ ይሻላል። ለዚህ ልክ ቢያንስ የ15 ሚሊ ሜትር መስታወት እንጠቀም። የማጣበቂያው ሲሊኮን የሻጋታ መከላከያ መድኃኒት የሌለው መሆን አለበት። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው መድኃኒቱ ስላለበት ዓሣ ይገድላል። ከተጣበቀ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይድረቅ፣ ከዚያ በተራ ውሃ ተሞልቶ ከቤት ውጭ ለቀናት ይፈተሽ።

ከገንዳው ሥር ሁለተኛ፣ አነስ ያለ ገንዳ ይቀመጣል። ባለሙያዎቹ ሰምፕ ይሉታል። የላይኛው ውሃ በተቦረቦረ መስታወት በኩል በቧንቧ ወደ ታች ይወርዳል፣ ይጣራል፣ ይሞቃል፣ ከዚያ ፓምፕ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ስኪመር የሚባለው መሣሪያ እዚሁ ይቆማል። ጥቃቅን የአየር አረፋ በጨው ውሃ ውስጥ ሲነፋ የዓሣው እዳሪና የምግብ ትርፍ ከአረፋው ላይ እየተጣበቀ ወደ ላይ ይወጣና ከላይ ባለ ጽዋ ይጠራቀማል። በሳምንት ውስጥ ጽዋው ጥቁር ሻይ በሚመስል፣ በሚከረፋ ፈሳሽ ይሞላል። ያን ፈሳሽ አንድ ጊዜ አቅርቦ ያሸተተ ሰው ዓሣ አብዝቶ መመገብ ያቆማል።

ሰምፕ በሚሠራበት ጊዜ መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን አስቀድሞ ማሰብ ግድ ነው። ፓምፑ ሲቆም በቧንቧው ውስጥ ያለውና ከላይኛው ገንዳ ጠርዝ ያለፈው ውሃ ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል። ታችኛው ገንዳ ለዚያ የሚሆን ባዶ ቦታ ከሌለው ሳሎናችሁ በጨው ውሃ ይጥለቀለቃል። ስለዚህ ገና በተራ ውሃ ስትፈትሹ ሶኬቱን ነቅላችሁ ውሃው የት ድረስ እንደሚደርስ በቀለም ምልክት አድርጉ።

ስለ መብራት ከተነሳ ዘንድ እዚህ ላይ ረጋ ልበል፤ በአገራችን የሪፍ ሁሉ ትልቁ አደጋ እሱ ነውና። ኮራልና ዓሣ መጀመሪያ የሚሞቱት በጨለማ ወይም በብርድ አይደለም፤ አየር በማጣት ነው። ሌሊት አልጌው ኦክስጅን ማምረቱን ትቶ እንደ ሌላው ሁሉ ይተነፍሳል። ደግሞም እኛ ያለነው ከፍታ ላይ ነው። በ2,000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ዳር በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው፤ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በፈረንጅ መጽሐፍ ለአንድ ሺህ ሊትር 20 ዓሣ ተብሎ ብታነቡ እዚህ 20 አታስገቡ። ውሃውን ከላይ የሚያናውጽ ጠንካራ ፓምፕ አድርጉ፣ ዓሣ ቀንሱ።

ለጠፋ መብራት ጄኔሬተር መግዛት ግድ አይደለም። መብራቱንና ማሞቂያውን ትታችሁ ውሃውን የሚያንቀሳቅሰውን አንድ ፓምፕ ብቻ ማትረፍ ይበቃል። 30 ዋት የሚወስድ ፓምፕ ከአንድ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ቢጠቀም 20 ሰዓት ያህል ይሠራል። ባትሪው በጣሪያ ላይ ካለ የፀሐይ ሰሌዳ የሚሞላ ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ። ብርዱን በተመለከተ ገንዳውን በብርድ ልብስ መጠቅለል ይረዳል፤ አንድ ቶን ውሃ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም።

ውሃው ከየት ይምጣ? የቧንቧ ውሃ እንዳለ አይሆንም። በውስጡ ያለው ክሎሪን፣ ናይትሬትና ልዩ ልዩ ማዕድን በገንዳው ይከማቻል። ሪቨርስ ኦስሞሲስ በሚባለው ማጣሪያ ማለፍ አለበት። ማጣሪያው ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሁለትና ከዚያ በላይ ሊትር ስለሚደፋ የተደፋውን በበርሜል ያዙት፤ ልብስ ያጥባል፣ ወለል ይወለውላል። ውሃ በተራ በሚደርሳት ከተማ ይህን ማባከን ነውር ነው። የዝናብ ውሃስ ብላችሁ እንደምታስቡ አውቃለሁ። የዝናብ ውሃ ንጹሕ ነበር፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ግን ከሽፋኑ ዚንክ ይዞ ይመጣል። ዚንክና መዳብ ለኮራል፣ ለሽሪምፕና ለቀንድ አውጣ መርዝ ናቸው፤ ያውም በጣም በትንሹ። ስለዚህ የዝናቡም ውሃ በማጣሪያው ይለፍ። የመዳብ ቧንቧ፣ የነሐስ መገጣጠሚያ በገንዳው አካባቢ አይኑር።

ቀጥሎ ጨው። የአፋር ጨው በእጃችን እያለ ለምን ከውጭ እናስመጣለን የሚል ሰው ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ከዚህ 19 ግራም ክሎራይድ፣ ወደ 11 ግራም ሶዲየም ነው። የቀረው ሰልፌት፣ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎችም ናቸው። የገበታ ጨው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ ይሰጣል። ኮራል ቤቱን የሚሠራው ግን በሊትር 400 ሚሊ ግራም በሚደርሰው ካልሲየም ነው፤ ማግኒዥየሙ 1,300 ሚሊ ግራም ካልሆነ ካልሲየሙም በውሃው አይቆይም። ባሕር ሲተን ማዕድኖቹ በየተራ ነው የሚረጉት፤ የምንበላው ጨው ሌሎቹ ከተለዩ በኋላ የተገኘው ክፍል ነው። ስለዚህ ለሪፍ ተብሎ የተቀመመውን ጨው መግዛት አይቀርም፤ ለአንድ ሺህ ሊትር 35 ኪሎና ከዚያም ትንሽ በላይ። የኛ ኬሚስቶች አንድ ቀን ይህን ቅመም ከአፋር ማዕድናት እዚሁ እንደሚሠሩት ተስፋ አለኝ።

ወደ ደናክል እንመለስ። ውሃ ይተናል፣ ጨው አይተንም። ከአንድ ሺህ ሊትር 100 ሊትር ቢተን ጨዋማነቱ ከ35 ወደ 39 ይወጣል። እዚህ ብዙ ጀማሪዎች የጎደለውን በጨው ውሃ ይሞላሉ፤ እንዲያ ሲሆን ጨውነቱ ከወር ወር ይጨምርና ኮራሉ ይሞታል። የተነነው የሚተካው በንጹሕ፣ ጨው በሌለበት ውሃ ነው፣ በየቀኑ። ጨዋማነቱን በሪፍራክቶሜትር ለኩ፤ በምላስ አይለካም።

በገንዳው የሚደረደረው ድንጋይ ቆሻሻውን የሚለውጠው የማይታይ ባክቴሪያ የሚኖርበት ስለሆነ ቀዳዳ የበዛበት ይሁን። በአካባቢያችን የሞላው ጥቁር ድንጋይ ጥቅጥቅ ስላለ አይመችም። የኖራ ድንጋይ ይሻላል፤ በአባይ በረሃና በትግራይ በብዛት አለ። ትክክለኛው መሆኑን ለማወቅ ሎሚ ቆርጣችሁ ሁለት ጠብታ ጣሉበት። ቢፈላ፣ አረፋ ቢያወጣ የኖራ ድንጋይ ነው። የዛገ ወይም የብረት ጅማት ያለበትን ተዉት። ተፋቅፎ፣ ታጥቦ፣ በንጹሕ ውሃ ሳምንታት ከተዘፈዘፈ በኋላ ይደርደር። ከውጭ በሚመጣ ትንሽ ሕያው ድንጋይ ደግሞ ባክቴሪያውን ማስጀመር ይቻላል። አዲስ ሊጥ ላይ እርሾ እንደሚጨመረው ማለት ነው። አንዱ ባክቴሪያ ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይገድላሉ፣ ሦስተኛው በመጠን ሲሆን አይጎዳም። ይህ እስኪደራጅ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ገንዳው ቆሞ፣ መብራቱ በርቶ፣ ውሃው ጠርቶ፣ አንድም ዓሣ ሳይኖርበት መጠበቅ ከባድ ነው፤ ልጆቹ በየማለዳው ይጠይቃሉ። ግን የሚያዛልቀው ይህ ጊዜ ነው። በመመርመሪያ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሳያሳዩ እንስሳ አይገባም።

ይህ ሥራ በብዙ መሣሪያ ብቻ የሚሆን እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1961 ሊ ቺን ኤንግ የተባለ የኢንዶኔዥያ ሰው ከባሕር ያመጣውን ሕያው ድንጋይ፣ የፀሐይ ብርሃንና የአየር አረፋን ብቻ ይዞ ኮራል እንዳኖረ ለዓለም አሳወቀ። እሱ ግን የነበረው ከባሕሩ ዳር ነው፤ ውሃውን መቀየር በእጁ ነበር። ከባሕር ራቅ ያሉት ጀርመኖች ስኪመርንና የኖራ ውሃን አመጡ። የኖራ ውሃ የሚሉት ንጹሕ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ በሊትር አንድ ግራም ተኩል ያህል ተበጥብጦ፣ ሲዘቅጥ የጠራው ብቻ ለተነነው ውሃ ምትክ በሌሊት ጠብ እያለ የሚጨመር ነው። ኮራሉ የወሰደውን ካልሲየም ይመልሳል። ግንብ የሚለሰንበት ኖራ ቆሻሻ ስላለበት አይሆንም፤ ለምግብ ደረጃ የተጣራው ይፈለግ። ቆዳም ዓይንም ያቃጥላል፣ ልጆች እንዳይደርሱበት።

እንስሳቱ ሲመጡ መጀመሪያ አልጌ የሚግጡ ቀንድ አውጣዎች ይግቡ። ቀጥሎ ለስላሳ ኮራሎች፤ ከእነሱም እኔ የምወደው ዜኒያ የሚባለው የቀይ ባሕሩ ነው። እያንዳንዷ አበባ የምትመስል እንስሳ ስምንት ላባ መሰል እጆቿን ያለ ማቋረጥ ትከፍታለች፣ ትጨብጣለች። ይህን የምታደርገው በሥጋዋ ዙሪያ የተጠራቀመውን ኦክስጅን ጠርጋ አልጌዋ በደንብ እንዲሠራ መሆኑ በጥናት ታውቋል። ለዓይን ደስታ ብቻ የተፈጠረች ትመስላለች፤ ግን ሥራ ላይ ነች። ቅርንጫፋሙ ጠንካራ ኮራል ቢያንስ ዓመት ይቆይ። ዓሣም ሆነ ኮራል ስትገዙ በእርባታ የተገኘ መሆኑን ጠይቁ። ከባሕር የሚያዘው ዓሣ በአንዳንድ አገር በሳያናይድ መርዝ እየደነዘዘ ነው የሚያዘው፤ ሪፉንም አብሮ ይገድላል። ጠንካራ ኮራል በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ስለሆነ ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፍም። አንዱ የሌላውን ቅርንጫፍ ቆርጦ እየተካፈለ ቢያራባ ከባሕር መቁረጥ አያስፈልግም።

ለጀማሪ ሁሉ የምመክረው በ200 ሊትር የጨው አልባ ውሃ ገንዳ ዓመት መለማመድን ነው። ትምህርት ቤቶቻችንም በዚህ ቢጀምሩ ተማሪዎቹ አሞኒያ መለካት ይማራሉ፤ ያን መለኪያ ይዘው ደግሞ ወደ ሐይቅ ዳርቻ መውረድ ይችላሉ። ሐይቃችንን በየወሩ የሚለካ የአካባቢው ልጅ ቢኖር እንዴት ደስ ባለኝ።

የመጨረሻው ጉዳይ የሚደፋው ነገር ነው። በየወሩ 100 ሊትር የጨው ውሃ ብትቀይሩ 3 ኪሎ ተኩል ጨው ከቤታችሁ ይወጣል። ማሳ ላይ፣ ጓሮ ላይ፣ ወንዝ ላይ አይደፋ፤ መሬቱ ይመክናል። በበጋ በሰፊ ላስቲክ ላይ ፀሐይ ይምታው፣ የቀረው ጨው በጆንያ ይታሰር፤ ለሰውም ለከብትም አይሰጥ። የመለማመጃው ገንዳ ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የባሕር ዓሣ በሐይቅ ውሃ ይሞታል፣ ጎልድፊሽ ግን ይኖራል፣ ይራባልም። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ዳርቻ ላይንፊሽ የሚባል የእስያ ባሕር ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1985 ታየ፤ ከሰው ገንዳ የተለቀቀ እንደሆነ ይታመናል። ዛሬ ከዚያ እስከ ካሪቢያን ድረስ የሪፉን ትናንሽ ዓሣ እየበላ ይገኛል። ስለዚህ ገንዳ ሲፈርስ ዓሣው በአንከርካም፣ በሐይቅም፣ በአርዲቦ ሐይቅም አይለቀቅ፤ የሚረከብ ሰው እስኪገኝ ገንዳው ባለበት ይቆይ።